በትንሽ ወርክሾፕ ከጠበቅነው በላይ የሚጠቅሙ መሣሪያዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጓሮ ወይም በረንዳ ላይ እንጨት ሥራ የጀመሩ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

መጀመሪያ የትኛውን መሣሪያ ልግዛ?

ብዙ ሰው ድሪል እንድለው ይጠብቃል። ድሪል መቼም የማይቀር ነው። ግን በቀን ስንቴ ምን እንደማነሳ ብቆጥር፣ የሚጮኹት መሣሪያዎች ከኋላ ነው የሚሰለፉት። ፊት የሚመጡት የሚይዙት፣ የሚለኩትና የሚስሉት ናቸው፤ እንጨት አጥብቆ የሚይዘው ክላምፕ፣ ማዕዘን ቀጥ ማለቱን የሚያሳየው ስኳድራ፣ የስለት መሳያ። ሱቅ ውስጥ ዓይን አይገቡም። ስትገዟቸውም ልብ አይሞሉም። ከወር በኋላ ግን ያለ እነሱ አንዲት ሳጥን መሥራት ያቅታችኋል።

ገንዘቡ ጠበብ ካለ መካከለኛ ድሪል ግዙና የተረፈውን እነዚህ ላይ አውሉት። ያን በሚያምር ሳጥን ተደርድሮ የሚሸጥ ባለ 100 ፍሬ ስብስብ እለፉት። እኔ ገዝቼዋለሁ። ከመቶው እጄ የሚነካቸው ሰባት ቢሆኑ ነው። የቀሩት ሳጥኑን ለማክበድ የገቡ ይመስላሉ።

የሜትሬ ጫፍ ላይ ያለው ብረት ላልቶ ይንቀሳቀሳል። ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም፤ ሆን ተብሎ ነው እንደዚያ የተሠራው። ልብ ብላችሁ እዩት። የሚንቀሳቀሰው የራሱን ውፍረት ያህል ብቻ ነው፣ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ። ጣውላ ጫፍ ላይ አንጠልጥላችሁ ስትስቡት ወደ ውጭ ይወጣል፤ ልኬቱ ከብረቱ ውስጠኛ ፊት ይጀምራል። ግድግዳ ላይ ስትገፉት ደግሞ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ልኬቱ ከውጭኛው ፊት ይጀምራል። በሁለቱም በኩል ዜሮው ዜሮ ነው። አንድ ጎረቤቴ «ላልቷል» ብሎ ወደ ውስጥ ገፍቶ በመዶሻ አጠበቀው። ከዚያ ወዲህ አንጠልጥሎ የለካው ሁሉ 1 ሚሊ ያጥረዋል።

እቅጩን ስትፈልጉ ጫፉን ተዉትና ከ10 ሴንቲ ሜትሩ መስመር ጀምራችሁ ለኩ። ታዲያ 10 መጨመርና መቀነሱን እንዳትረሱ። እኔ ረስቼ ሁለት ጥሩ የዋንዛ ጣውላ 10 ሴንቲ አሳጥሬ ቆርጫለሁ። አሁን የጫማ መደርደሪያ ሆነዋል።

ሜትር ራሱ የማያስፈልግበት ጊዜም አለ። አንድ ቀጥ ያለ ቀጭን ዘንግ ውሰዱና መደርደሪያው የሚቆምበት ቦታ ላይ አስጠግታችሁ ቁመቱን፣ እያንዳንዱ እርከን የሚያርፍበትን፣ ቪቴ የሚገባበትን ሁሉ ዘንጉ ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ አራቱንም እግሮች ከዚያው ዘንግ ገልብጡ። ቁጥር የሚባል ነገር ስለሌለበት አንብቦ መሳሳት፣ ጽፎ መሳሳት፣ 63ን 36 ማለት የለም። የሥራዬን ግማሽ ስህተት ያጠፋልኝ ይህ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ የሚጣል ዘንግ ነው።

ስኳድራዬ ትክክል መሆኑን በምን ላረጋግጥ?

በእርሳስና ጠርዙ ቀጥ ባለ ጣውላ። የስኳድራውን እጀታ ጠርዙ ላይ አስደግፉና መስመር አስምሩ። ከዚያ ገልብጡት፤ ወደ ግራ የነበረው እጀታ ወደ ቀኝ ይዙር። ከዚያው ነጥብ ተነስታችሁ ሌላ መስመር አስምሩ። ሁለቱ መስመሮች ከተደራረቡ ስኳድራው ደህና ነው። እየተራራቁ ከሄዱ የምታዩት ክፍተት የስህተቱ እጥፍ ነው።

ይህን የተማርኩት በቁም ሳጥን ነው። አዲስ የገዛሁትን ስኳድራ አምኜ 1.80 ሜትር ቁመት ያለው ቁም ሳጥን ሠራሁ። በሩ ከላይ ይገጥማል፣ ከታች አፉን ይከፍታል። ማጠፊያውን ሦስት ጊዜ ፈታሁ፣ ሦስት ጊዜ መልሼ አሰርኩ። በመጨረሻ ስኳድራውን ገልብጬ ሳየው 30 ሴንቲ ላይ 2 ሚሊ ክፍተት አለው። ስህተቱ 1 ሚሊ ነው ማለት ነው። 1 ሚሊ ምን አላት ትሉ ይሆናል፤ 1.80 ላይ ስትደርስ 6 ሚሊ ሆናለች። ስለዚህ ስኳድራ ልትገዙ ስትሄዱ እርሳስ ይዛችሁ ሂዱ። ባለ ሱቁ ሊስቅባችሁ ይችላል። ይሳቅ።

ለትልቅ ሥራ፣ ለአልጋ ወይም ለበር ክፈፍ፣ ትንሽ ስኳድራ አያስተማምንም። ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን አግድም ለኩ። ፊት ለፊት የሚተያዩት ጎኖች እኩል ሆነው ሁለቱ አግድሞችም እኩል ከመጡ ክፈፉ አልተዛነፈም። ካልመጡ ረጅሙን አግድም በክላምፕ ትንሽ ሳብ ሳብ አድርጉት። ግንበኞች የሚጠቀሙበትም ዘዴ አለ፦ ከማዕዘኑ በአንድ በኩል 60፣ በሌላው 80 ሴንቲ ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ልክ 100 ከመጣ ማዕዘኑ ቀጥ ብሏል።

ክላምፕ ስንት ያስፈልገኛል?

ለመጀመር አራት፤ ሁለት አጭር፣ ሁለት ረጅም። ሰው ክላምፕ የሚገዛው ኮላ እስኪደርቅ ይዞ እንዲቆይለት ነው። ጥቅሙ ግን ከዚያ በጣም ያልፋል። የምትቆርጡትን ጣውላ ጠረጴዛ ላይ ያስርላችሁና ሁለቱም እጃችሁ ለመጋዙ ይተርፋል። ቀጥ ያለ ዘንግ በሁለት ክላምፕ ብታስሩ የመጋዙ መምሪያ ይሆናል። ትንሽ ቁራጭ እንጨት ብታስሩ ማቆሚያ ይሆንና ስምንት እኩል የበርጩማ እግር ሳትለኩ ትቆርጣላችሁ። ትንሽ ብረት በድሪል ስትበሱማ ክላምፕ የግድ ነው። ፑንታው (የድሪሉ መብሻ ጫፍ) ብረቱን ሊበሳው ሲል ይነክሰውና አብሮት ያሽከረክረዋል። በእጅ የተያዘ ላሜራ እንደዚያ ሲሽከረከር ምን እንደሚያደርግ አውራ ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳ ይመሰክራል።

ክላምፕ መግዣ ካጠረ ጎሚስታ ቤት ጎራ በሉ። ተጥሎ የተቀመጠ ከመነዳሪ አይጠፋም። 3 ሴንቲ ስፋት ባለው ረጅም ጥብጣብ ቅደዱት። ኮላ የተቀባውን እንጨት እየለጠጣችሁ ጠምጥሙበት። እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን ስለሚያጠብቀው አሥር ዙር ሲሆን ጉልበቱ ያስደንቃል። በተለይ ለተሰነጠቀ የወንበር እግርና ክብ ለሆነ ነገር ሁሉ ከብረቱ ክላምፕ ይበልጣል፤ ብረቱ ክብ ነገር ላይ ይንሸራተታል። ጥቁሩ እንጨቱን እንዳያቆሽሽ መሃል ላይ ፌስታል አድርጉ።

ሰፊ ጣውላ ለማጣበቅ ደግሞ ሽብልቅ አለላችሁ። ጣውላዎቹን ጠንካራ ወለል ላይ አስተኙ፣ ከሁለት በኩል ድጋፍ ምቱ፣ ከዚያ በድጋፉና በጣውላው መካከል ሁለት ሽብልቆችን ፊትና ኋላ አዙራችሁ በመዶሻ አስገቧቸው። ኮላው ከመገጣጠሚያው በቀጭኑ ብቅ ሲል አቁሙ። ከዚያ በላይ ብትመቱ ኮላውን ጨምቃችሁ አወጣችሁት። ነጩ የእንጨት ኮላ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ታስሮ ይቆይ። እቃው ክብደት የሚሸከመው ግን ከ24 ሰዓት በኋላ ነው።

ካቻቢቴው እየዘለለ የቪቴውን ራስ ይበላዋል። ጉልበት አንሶኝ ነው?

ጉልበት አይደለም፣ የጫፉ ዓይነት ነው። መስቀል የሚመስሉ ቪቴዎች ሁሉ አንድ አይደሉም። የቪቴውን ራስ ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩት። መስቀሉ ብቻ ካለ ፒኤች ነው። ከትልቁ መስቀል ክንፎች መካከል በሰያፍ ቀጫጭን አራት ጭረቶች ከታዩ ፒዜድ ነው። ፒኤች ጫፍ ፒዜድ ቪቴ ውስጥ ይገባል፣ ግን አይሞላውም። ጠበቅ ሲል ይዘላል። ለተለመዱት ከ3.5 እስከ 5 ሚሊ ውፍረት ላላቸው ቪቴዎች ፒዜድ 2 ጫፍ ግዙ። ጫፉ ወርክሾፕ ውስጥ በጣም ርካሽ ከሆኑ ነገሮች አንዱ ነው፤ ለዓመታት ስንበሳጭበት የኖርነው በዚህች ምክንያት ነው።

ሁለተኛው መድኃኒት ጧፍ ነው። አዎ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጧፍ። ከንብ ሰም ስለሚሠራ የቪቴውን ጥርስ አንዴ አሸት ብታደርጉበት ዝግባም ሆነ ባሕር ዛፍ ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል። እኔ ቁራጭ ጧፍ ከኪሴ አይጠፋም። የመላጊያውን ሆድም እቀባበታለሁ፣ የሚያስቸግር መሳቢያንም። ሳሙና የሚቀቡ አሉ፤ ሳሙና እርጥበት ይስባል፣ ቪቴው ውስጥ ውስጡን ይዝጋል። ባሕር ዛፍ ከሆነ ደግሞ ጧፉም ብቻውን አያድንም። መጀመሪያ በቀጭን ፑንታ ብሱት፤ አለዚያ ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል።

መሮና መላጊያ ለመሳል ውድ ድንጋይ የግድ ነው?

አይደለም። የመስታወት ቤት ቁራጭ ወፍራም መስታወት ይበቃል። መስታወት ጠፍጣፋ ነው፤ የምትፈልጉትም ጠፍጣፋ ነገር ነው። ላዩ ላይ ውሃ የሚቋቋመውን ጥቁር የብርጭቆ ወረቀት በውሃ ለጥፉ። በ400 ቁጥር ጀምሩ፣ ወደ 1000፣ ካገኛችሁ ወደ 2000 እለፉ። የመሮውን ጀርባ መጀመሪያ አስተኝታችሁ አስተካክሉ፤ ይህ የሚደረገው አንዴ ነው። ከዚያ ስለቱን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ አዘንብላችሁ ሳሉት። በጣት ጫፍ ጀርባውን ስትዳስሱት ቀጭን የብረት ፀጉር ከተሰማችሁ ስለቱ ጫፍ ደርሷል። ያንን ፀጉር ጀርባውን አስተኝታችሁ አንዴ ሁለቴ በማሸት አስወግዱት።

መሳሉን ለመፈተሽ የጣውላውን ጫፍ፣ ማለትም የእንጨቱ ክሮች የተቆረጡበትን ፊት ላጥ ላጥ አድርጉት። ስል መሮ የሚያብለጨልጭ ፊት ይተዋል። ደነዝ መሮ አቧራ ይተዋል። ሰው የሚቆስለውም በደነዙ ነው፤ እሺ ስለማይል ይገፋዋል፣ ሲገፋው ይስታል።

ዲስክ በሚያሽከረክረው ግራይንደር የሚስሉ አሉ። ይፈጥናል፣ ግን ጫፉ ወደ ሰማያዊ ሲቀየር ካያችሁ ተቃጥሏል። ብረቱ ወደ 300 ዲግሪ ደርሷል ማለት ነውና ጥንካሬውን አጥቷል። ሰማያዊው ቦታ በሙሉ እስኪነሳ ካልተሳለ ስለት አይዝም። የግድ ከሆነ በየሁለት ሰከንዱ ውሃ ውስጥ ንከሩት።

መብራት ሲጠፋ ሥራ ይቆማል?

የእጅ መጋዝ፣ መሮና መላጊያ ካለ አይቆምም። እኔ መብራት የጠፋበትን ቀን የመሳያ ቀን አድርጌዋለሁ። በዓመቱ ስንት ቀን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ፤ መሮዎቼ ሁሌም ስል ናቸው።

ምናለሽ ተራ ያገለገለ መሣሪያ መግዛት ያዋጣል?

ሞተር ለሌለው ነገር በጣም ያዋጣል። ሞርሳ (ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር ባለ መንጋጋ መያዣ)፣ መላጊያ፣ መሮ፣ መዶሻ፣ ፒንሳ። ወፍራም ብረት አያረጅም። ሞርሳ ስታዩ መንጋጋውን ዝጉትና ወደ ብርሃን ያዙት፤ ሁለቱ መንጋጋዎች እኩል ይገናኙ። ዘንጉን እስከ መጨረሻው ክፈቱትና ጥርሱ እንዳልተበላ እዩ። ከሁሉ በላይ ብየዳ ፈልጉ። ተሰብሮ የተበየደ ሞርሳ ቀለም ተቀብቶ ይመጣል፤ ወፍራም አዲስ ቀለም ካያችሁ ተጠራጠሩ። መላጊያ ከሆነ ስለቱ ምን ያህል እንደቀረው እዩ። ዝገቱ አያስፈራም።

ዝገቱን ኮምጣጤ ይጨርሰዋል። እቃውን ፈታታችሁ ሌሊቱን ዘፍዝፉት፣ ጠዋት በሽቦ ብሩሽ ጥረጉት። ውሃ ውስጥ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ በትናችሁ እጠቡት፣ ቶሎ አድርቁት፣ ዘይት ቀቡት። ዘይት ካልቀባችሁት በሰዓታት ውስጥ መልሶ ይዝጋል። ሞተር ያለው ያገለገለ ድሪል ወይም ግራይንደር ግን ሻጩ እዚያው ካላስነሳላችሁ አትግዙ። አስነስቶላችሁም ለአምስት ደቂቃ ይሥራ፤ ሽታውን አሽትቱ።

ዘመድ ከአሜሪካ የሚያመጣልኝ ድሪል እዚህ ይሠራል?

ሶኬት ላይ የሚሰካ ከሆነ በቀጥታ አትሰኩት። አሜሪካ 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። በሰከንድ ውስጥ ይጨሳል። ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፣ አቅሙም ከመሣሪያው ሰፋ ያለ ይሁን። 600 ዋት ለሚበላ ድሪል ቢያንስ 1000 ዋት ትራንስፎርመር። እንደ ድሪልና ግራይንደር ያሉት ካርቦን ያላቸው ሞተሮች ከዚህ በኋላ ችግር የለባቸውም። ከባዱ የጠረጴዛ መጋዝ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ዓይነት ሞተር ነው ያለው። እዚያ 60 ኸርዝ የለመደው እዚህ 50 ላይ ሲሠራ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፣ ይሞቃልም። እሱን አታስጭኑ።

ባትሪ ድሪል ከሆነ ጉዳዩ ቻርጀሩ ነው። ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃል። 120 ብቻ ከተጻፈ ትራንስፎርመር ፈልጉ፣ ወይም በ220 የሚሠራውን ያንኑ ቻርጀር ከዱባይ አስመጡ። የዱባይ እቃ ቮልቱ ከኛ ጋር ይስማማል፤ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ሶኬቱ ብቻ ነው የሚለየው።

የአውሮፕላኑም ነገር አለ። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ሻንጣ ውስጥ ተጭኖ አይሄድም፤ በእጅ የሚያዝ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል። ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ቮልቱን በአምፒር ሰዓት አባዙት፦ 18 በ5 ሲባዛ 90 ነው፣ ያልፋል። 18 በ6 ሲባዛ 108 ነው፣ ያጨቃጭቃል። አሜሪካ ውስጥ «20 ቮልት» ተብሎ የሚሸጠው በአብዛኛው ያው 18 ቮልቱ ነው፤ ስሌቱን በ18 ሥሩት።

ግራይንደር ላይ የእንጨት መጋዝ ዲስክ ማሰር ይቻላል?

ይገጥማል። ብዙ ቦታም ሲሠራበት አያለሁ። እኔ ግን አላደርገውም፣ ወርክሾፔ ውስጥም ሌላ ሰው እንዲያደርገው አልፈቅድም። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ዙር ገደማ ይሽከረከራል። ጥርስ ያለው ዲስክ በዚያ ፍጥነት ቋጠሮ ሲያገኝ ይነክሳል፣ መሣሪያውም ወደ ያዘው ሰው ይዘላል። አንዱን እጅ ለቆ የሚሠራ ሰው ደግሞ ብዙ ነው።

ሌላው አደገኛ ልማድ መከላከያውን ቆብ አውልቆ ትልቅ ዲስክ ማሰር ነው። የ115 ሚሊ የብረት መቁረጫ ዲስክ ላይ ብዙ ጊዜ 13,300 ዙር ተጽፎ ታያላችሁ። የ230ው ላይ ደግሞ 6,600። ይህ ዲስኩ የሚችለው ጣሪያ ነው። የ230ውን 11,000 በሚዞር ግራይንደር ላይ ማሰር ዲስኩ ፊታችሁ ላይ እንዲበተን መጋበዝ ነው። ቁጥሩን አንብቡ፣ መነጽር አድርጉ፣ ቆቡን አታውልቁ።

ነጋዴው «ደርቋል» ያለኝ እንጨት በእውነት መድረቁን በምን ልወቅ?

በወጥ ቤት ሚዛን። ወርክሾፔ ውስጥ በጣም ያስገረመኝ መሣሪያ እሱ ነው። ከጣውላው ጫፍ 30 ሴንቲ ያህል ገባ ብላችሁ ስስ ቁራጭ ቁረጡ፤ ጫፉ ከመሃሉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ያታልላል። ወዲያው መዝኑትና ቁጥሩን እንጨቱ ላይ ጻፉ። ከዚያ 103 ዲግሪ አካባቢ የሚሞቅ ምድጃ ውስጥ አስቀምጡት፣ በየተወሰነ ሰዓት እያወጣችሁ መዝኑት። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል። የጠፋውን ክብደት ለደረቀው ክብደት አካፍሉና በ100 አባዙ። 240 ግራም የነበረው 200 ላይ ከቆመ፣ 40 ለ200 ሲካፈል 20 በመቶ እርጥበት ነበረው ማለት ነው። ለቤት ውስጥ እቃ ከ8 እስከ 12 በመቶ ነው የሚፈለገው። በ20 የተሠራ ቁም ሳጥን ከወራት በኋላ ይጣመማል፣ መገጣጠሚያው ይከፈታል፤ ደንበኛው የሚደውለው ደግሞ ለነጋዴው አይደለም።

ምድጃ ከሌለ ትዕግሥት ይተካዋል። ከጣውላዎቹ አንዱን ምረጡ፣ ዛሬ መዝኑትና ቀኑን ከነክብደቱ በእርሳስ ጻፉበት። ጥላ ሥር፣ በመካከላቸው ቀጫጭን ዘንግ እየገባ አየር እንዲያልፍ አድርጋችሁ ደርድሯቸው። በየሳምንቱ ያንኑ ጣውላ መዝኑ። ሁለት ሦስት ሳምንት ተከታትሎ ያው ክብደት ከመጣ፣ ካለበት ቦታ አየር ጋር ተስማምቷል። እኔ ጋ አሁን አንድ የግራቪሊያ ጣውላ አለ፤ ጀርባው ላይ ዘጠኝ ቁጥሮች ተደርድረዋል፣ የመጨረሻው ከስምንተኛው በ30 ግራም ያንሳል። ገና ነው።